ሲቲኤዲ ቲዩብ፦ ፕላትሌትን አፍ የሚያስዘጋው ባለ ሰማያዊ ክዳን

ለቸኮለ ሰው ፍርዴን ላስቀድም። ሲቲኤዲ ቲዩብ፣ ማለትም ለምርመራ የተቀዳ ደም ውስጥ ፕላትሌቶች እንዳይቀሰቀሱ የሚያደርግ ቅመም ያለበት የደም መቅጃ ቱቦ፣ ጥሩ ዕቃ ነው። ለምን እንደተሠራ አውቃችሁ ከተጠቀማችሁበት ተራው የሲትሬት ቲዩብ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሲትሬት ብቻ ያለበት) አጠገቡም አይደርስም። «እሱ ይሻላል» ሲባል ሰምታችሁ ብቻ ለሁሉም ምርመራ ካዋላችሁት ግን ጣጣው ብዙ ነው። ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። አምስተኛዋን ለምን እንደነፈግኩት ስታነቡ ትደርሱበታላችሁ።

መጀመሪያ ስለ ችግሩ እናውራ። ላብራቶሪ ውስጥ እየሠራ እንኳን ይሄን ነገር ከቁም ነገር የማይቆጥረው ሰው ብዙ ነው።

ፕላትሌት ደም ሲፈስ ቀድሞ ደርሶ ቀዳዳውን የሚደፍነው ትንሽዬ የደም አካል ነው። ስፋቱ ቢበዛ 2 ወይ 3 ማይክሮሜትር ነው። ኒውክሊየስ እንኳን የለውም። በጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 የሚሆኑት ይዞራሉ። ትንሽ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት፤ እያንዳንዱ እንደ ሱቅ በደረቴ ዕቃውን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚዞረው። አልፋ ግራኑል የሚባሉ ከ50 እስከ 80 የሚደርሱ ከረጢቶች አሉት፤ እነሱ በፕሮቲን የታጨቁ ናቸው። ፕላትሌት ፋክተር 4 አለ፣ ቤታ ትሮምቦግሎቡሊን አለ፣ ፋይብሪኖጅን አለ፣ ቮን ዊልብራንድ ፋክተር አለ፣ የደም ሥር የሚያሳድገው ቪኢጂኤፍም አለ። ዴንስ ግራኑል የሚባሉት ደግሞ ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ኤዲፒ፣ ሴሮቶኒንና ካልሲየም ይይዛሉ።

እንግዲህ ይሄ ፍጡር በመርፌ ተስቦ ቲዩብ ውስጥ ሲገባ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ማንም ምንም ሳይጨምርበት፣ ራክ (የቲዩብ መደርደሪያ) ላይ ቆሞ እያለ፣ ቀስ በቀስ ዕቃውን ማራገፍ ይጀምራል። ምክንያቱ አንድ አይደለም። መርፌው ውስጥ ሲያልፍ ይገፈተራል። የቲዩቡ ግድግዳ የለመደው የደም ሥር ግድግዳ አይደለም። ቀይ የደም ሴል ትንሽ ከፈነዳ ደግሞ ኤዲፒ ይወጣል፣ ኤዲፒ ደግሞ ፕላትሌትን ከሚቀሰቅሱት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ነው። የተቀሰቀሰው ፕላትሌት የራሱን ኤዲፒ ይለቃል፣ ያ ጎረቤቱን ይቀሰቅሳል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

«ታዲያ ትንሽ ቢያፈስ ምን አለበት?» የሚል አይጠፋም። ሒሳቡን እዩት። ፕላትሌት ፋክተር 4 በጥንቃቄ በተቀዳ ፕላዝማ (ሴሎቹ የተለዩለት የደሙ ፈሳሽ) ውስጥ የሚለካው በናኖግራም ነው። ሴረም ውስጥ ግን፣ ማለትም ደሙ ረግቶ ፕላትሌቶቹ ያላቸውን ሁሉ ከለቀቁ በኋላ፣ በማይክሮግራም ነው። ልዩነቱ ሺህ እጥፍ አካባቢ ነው። ስለዚህ ከሺህ ፕላትሌት አንዷ ብቻ ዕቃዋን ብታራግፍ የምትለኩት ቁጥር እጥፍ ሆኖ ሊወጣላችሁ ይችላል። 99.9 ከመቶው በሰላም ተቀምጦ፣ ናሙናው ለዓይን ንጹሕ መስሎ፣ ውጤቱ ግን ገደል ገብቷል። ማንም አያይም፣ ማሽኑም አይናገርም። የሚወጣው ቁጥር ያምራል፣ ግን ከታካሚው ደም ሥር ውስጥ የመጣ ሳይሆን ራክ ላይ የተፈበረከ ነው።

ወደ ዕቃው እንመለስ። ሲቲኤዲ አራት ነገሮች የተቀላቀሉበት ነው፦ ሲትሬት፣ ቴዎፊሊን፣ አዴኖሲንና ዳይፒሪዳሞል። ቅመማው አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ነው የተጻፈው፤ ያኔም ዓላማው በናሙና ውስጥ ያለ ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ ለታካሚ የሚሰጥ መድኃኒት) ቆይቶ እንዳይከሽፍ ማድረግ ነበር። ቲዩቡን ከብርሃን ፊት ከፍ አድርጋችሁ ስታዩት ከታች ጠብታ የምታህል ቢጫማ ፈሳሽ ትታያለች። ቢጫው የዳይፒሪዳሞል ነው። ተራው የሲትሬት ቲዩብ ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነው፤ ክዳናቸው ሁለቱም ሰማያዊ ስለሆነ በጥድፊያ መሀል የምትለዩአቸው በዚህችው ቀለምና በላዩ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ነው። ክዳኑን ትንሽ ለየት ቢያደርጉት ምን ነበረበት? ይሄ ለአምራቾቹ ሁሉ የማቀርበው ቅሬታ ነው።

አራቱ የሥራ ክፍፍላቸው ደስ ይላል። ሲትሬቱ ካልሲየሙን ይዞ ደሙ እንዳይረጋ ያደርጋል። አዴኖሲኑ የፕላትሌቱን በር አንኳኩቶ ውስጡ ያለው ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባል መልእክተኛ ሞለኪውል እንዲጨምር ያዝዛል፤ ይሄ ነገር ሲበዛ ፕላትሌት ይረጋጋል። ችግሩ አዴኖሲን ደም ውስጥ ዕድሜው በሰከንዶች የሚቆጠር ነው፤ ቀይ የደም ሴሎች ወዲያው ይውጡታል። ዳይፒሪዳሞል እዚህ ጋ ነው የሚገባው፤ ቀይ ሴሎቹ አዴኖሲኑን የሚያስገቡበትን በር ይዘጋል። በዚያ ላይ እሱና ቴዎፊሊን ሳይክሊክ ኤኤምፒን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ያግዳሉ። አንዱ ያመርታል፣ ሌላው እንዳይሰረቅ ይጠብቃል፣ ሁለቱ ደግሞ የተመረተው እንዳይፈርስ ይይዛሉ። ፋርማኮሎጂ የተማረ ሰው እዚህ ጋ ቅንድቡን ያነሳል፤ ቴዎፊሊን የካፌይን የሥጋ ዘመድ ነው፣ እንደ ካፌይንም የአዴኖሲንን በር የሚዘጋ መድኃኒት ነው፣ ታዲያ ምን አገናኛቸው? እኔም መጀመሪያ ሳነበው ግራ ገብቶኝ ነበር። መልሱ መጠኑ ላይ ነው፤ ቲዩቡ ውስጥ የሁለቱም መጠን ለሰው ከሚሰጠው እጅግ የበዛ ነው፣ ተደምሮ የሚያሸንፈው ማረጋጋቱ ነው።

ይሠራል ወይ? ይሠራል። ራሳችሁ ለማየት ከፈለጋችሁ ከአንድ ክንድ በአንድ ጊዜ ሲትሬትና ሲቲኤዲ ቅዱ፤ ከሁለቱም ግማሹን ወዲያው ሴንትሪፉጅ አድርጉ (በፍጥነት በሚሽከረከረው ማሽን አዙራችሁ ፕላዝማውን ለዩ)፣ ግማሹን ራክ ላይ ተዉትና ሰዓታት አልፈው አዙሩት። እኔ እንዲህ አድርጌ ፕላትሌት ፋክተር 4ን በኤላይዛ (የፕሮቲን መጠን በቀለም ድምቀት በሚታይበት ምርመራ) ስለካ ወዲያው የተለዩት ሁለቱ ተቀራርበው ነው የወጡት። የቆየው ሲትሬት ግን ኤላይዛ ሳህኑ ላይ በዓይን ሳይቀር ይለያል፤ ጉድጓዶቹ ደመቅ ብለው ነው የሚታዩት። የቆየው ሲቲኤዲ ከመጀመሪያው ብዙም አልተነቃነቀም። ይሄን ካየሁ በኋላ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ወደ ተራው ሲትሬት ልመለስ አልቻልኩም።

አሁን ወደ ዋናው ጥቅሙ ልግባ፤ እሱ የምርምር ሰው ብቻ ሳይሆን ማንኛውም የሆስፒታል ላብራቶሪ የሚያገኘው ነው። ሄፓሪን በደም ሥር እየተሰጠው ያለ ታካሚ አለ እንበል። ሐኪሙ መጠኑን የሚያስተካክለው በኤፒቲቲ (ደሙ ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ በሚለካው) ወይም በአንቲ 10ኤ (የሄፓሪኑን ሥራ በሚለካው) ምርመራ ነው። ፕላትሌት ፋክተር 4 ደግሞ ሄፓሪንን አንቆ የሚይዝ ፕሮቲን ነው፤ ከተያያዙ ሄፓሪኑ ሥራ ያቆማል። ናሙናው በተራ ሲትሬት ተቀድቶ ጠረጴዛ ላይ ከቆየ ፕላትሌቶቹ ፋክተሩን ያፈሳሉ፣ ፋክተሩ ሄፓሪኑን ይበላል፣ ምርመራውም «ሄፓሪን አንሷል» ይላል። ታካሚው ሰውነት ውስጥ ግን በቂ አለ፤ ምናልባትም ከበቂ በላይ። ሐኪሙ ቁጥሩን አምኖ መጠኑን ቢጨምር ሰውየው ሊደማ ነው። ለዚህ ነው በተራው ሲትሬት የተቀዳ የሄፓሪን ናሙና በ1 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሴንትሪፉጅ መደረግ አለበት የሚባለው። በሲቲኤዲ ከሆነ እስከ 4 ሰዓታት ፋታ ታገኛላችሁ። ናሙና ከሩቅ ዋርድ የሚመጣላችሁ፣ ወይም የሚያመጣው ሰው መንገድ ላይ ወሬ የሚያበዛ ከሆነ፣ ይሄ ልዩነት ቀላል አይደለም።

እዚህ ጋ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ቲዩቡ ሊጠብቅ የሚችለው ወደ ውስጡ የገባውን ብቻ ነው። መርፌው ላይ የተበላሸውን አይመልስም። ያፈሰሰ ፕላትሌት ያፈሰሰውን አይውጥም። ብዙ ሰው ሲቲኤዲ ገዝቶ «አልሠራልኝም» የሚለው እዚሁ ጋ ነው፤ ጥፋቱ የቲዩቡ አይደለም፣ የአቀዳዱ ነው። ቶርኒኬቱ (ክንድ ላይ የሚታሰረው ማሰሪያ) ረጅም ጊዜ ታስሮ ከቆየ፣ ደም ሥሩን ፍለጋ መርፌው እዚያና እዚህ ከተንቀሳቀሰ፣ ወይም በቀጭን መርፌ በግድ ከተሳበ፣ በቃ ምን ቲዩብ ቢሆን አያድነውም። ለእንዲህ ዓይነት ምርመራ 21 ጌጅ መርፌ፣ ቶርኒኬት ላላ አድርጎ ለአጭር ጊዜ፣ የመጀመሪያውን ቲዩብ ለሌላ ምርመራ ሰጥቶ ከሁለተኛው መጀመር። ከተቀዳ በኋላ ቀስ ብሎ ሦስት አራት ጊዜ መገልበጥ። መገልበጥ አልኩ እንጂ መናጥ አላልኩም! ቲዩብ እንደ ሽሮፕ ጠርሙስ የሚንጡ ሰዎች አሉ፤ ባያቸው ቁጥር እጄን ራሴ ላይ ነው የምጭነው።

ከሴንትሪፉጁ በኋላም ሥራው አላለቀም። ቲዩቡን ስታወጡት ከታች ቀዩ ይተኛል፣ ከላዩ ቀጭን ነጭ ሽፋን አለ፣ ከዚያ በላይ ፕላዝማው ነው። ነጩ ሽፋን ላይ ነጭ የደም ሴሎችና ፕላትሌቶች ናቸው የተከመሩት። ፒፔታችሁ እሱን ከነካ ልፋታችሁ ሁሉ ከንቱ ነው። ለፕላትሌት ፋክተር 4ና ለቤታ ትሮምቦግሎቡሊን የሚወሰደው የፕላዝማው መካከለኛ ሲሶ ብቻ ነው፤ ከላይ የሚንሳፈፈውም ከታች ለሽፋኑ የቀረበውም ይተዋል። ሰው ፕላዝማ ይሰስታል፣ «ይቺን ደግሞ ልጨምር» እያለ ወደ ታች ይወርዳል። አትሰስቱ።

ፍሪዘር ውስጥ የምታስቀምጡት ከሆነ ደግሞ ሁለቴ ማዞር ግድ ነው። በፕላዝማው ውስጥ የቀሩት ፕላትሌቶች በማይክሮሊትር ከ10,000 በታች መሆን አለባቸው። ምክንያቱም ሲቲኤዲ ፕላትሌቱን የሚያረጋጋው በኬሚስትሪ ነው፤ በረዶ ደግሞ ኬሚስትሪ አይሰማም፣ ሴሉን በአካል ነው የሚቀደው። ቀርቶ የነበረ ፕላትሌት ሲቀዘቅዝና ሲቀልጥ ይፈነዳና ያለውን ሁሉ ይዘረግፋል። ከዚህ የሚያድናችሁ ቅመም የለም።

ናሙናው ላይ የታየው ፕሮቲን ከታካሚው ሰውነት ውስጥ የመጣ ይሁን ወይስ ከቲዩቡ፣ እንዴት ታውቃላችሁ? ለዚህ አንድ የቆየ ዘዴ አለ፤ እኔ በጣም የምወደው ነው። ቤታ ትሮምቦግሎቡሊን እ.ኤ.አ. በ1975 ኤደንብራ ውስጥ ከተለየ ጀምሮ እሱንና ፕላትሌት ፋክተር 4ን ጎን ለጎን መለካት ተለምዷል። ሁለቱም ከአንድ ከረጢት ነው የሚወጡት። ሰውነት ውስጥ ከወጡ ግን ዕጣቸው ይለያያል፤ ፕላትሌት ፋክተር 4 ወዲያው የደም ሥር ግድግዳ ላይ ይጣበቅና ከደሙ ይጠፋል፣ ቤታ ትሮምቦግሎቡሊን ግን በኩላሊት እስኪወገድ ድረስ ትንሽ ይቆያል። ቲዩብ ውስጥ ደግሞ የሚጣበቁበት የደም ሥር ግድግዳ ስለሌለ ሁለቱም እዚያው ይቀራሉ። ስለዚህ ቤታ ትሮምቦግሎቡሊን ብቻውን ከፍ ካለ ታካሚው ውስጥ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ሁለቱም ተያይዘው ከተሰቀሉ ናሙናው ነው የተበላሸው፣ እንደገና አስቀዱ። ይሄ ዘዴ የማይሠራበትም አለ፦ ሄፓሪን የሚወስድ ሰው ላይ አትሞክሩት፤ ሄፓሪኑ ግድግዳው ላይ የተጣበቀውን ፋክተር አላቆ ወደ ደሙ ይመልሰዋል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይም ቤታው ያለ ጥፋቱ ከፍ ይላል።

ከሌሎቹ ቲዩቦች ጋር ስናወዳድረውስ? ሴረም ለዚህ ሥራ ከመጀመሪያውኑ አይታሰብም። ሴረም ማለት ፕላትሌቱ ሁሉን ከዘረገፈ በኋላ የሚቀር ፈሳሽ ነው። የሚያናድደኝ ዛሬም ድረስ ቪኢጂኤፍን ወይም ቢዲኤንኤፍን (ይሄም ፕላትሌት የሚሸከመው ፕሮቲን ነው) በሴረም ለክቶ «በዚህ በሽታ ጨምሯል» የሚል ሰው መኖሩ ነው፤ የታካሚዎቹን የፕላትሌት ቁጥር ሳያይ! የለካው ፕላትሌት ሊሆን ይችላል እኮ። ኢዲቲኤ (ሌላ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ቅመም ያለበት ቲዩብ) ለሴል ቆጠራ ንጉሥ ነው፤ ፕላትሌትን በማረጋጋት ግን አይታማም። እዚያ ውስጥ ፕላትሌቱ የነበረውን ጠፍጣፋ ቅርጽ ትቶ ድቡልቡል ይላል፣ ያብጣል፣ ሲቆይም ያፈሳል። ተራው ሲትሬት ወዲያው ሴንትሪፉጅ ከተደረገ ምንም አይወጣለትም፤ ችግሩ «ወዲያው» የሚባለው ነገር ከወረቀት ውጭ ብዙ ጊዜ አለመኖሩ ነው።

አሁን የማይሆንበትን ልናገር፤ አንዷን ኮከብ ካስቀነሱት ነገሮች አንዱም ይሄ ነው፣ ማሸጊያው ላይ በትልቁ መጻፍ ነበረበት። የፕላትሌት አሠራርን ለሚፈትሽ ምርመራ፣ ለምሳሌ ለአግሪጌሽን (ፕላትሌቶች እርስ በርስ መጣበቃቸውን ለሚለካው)፣ ሲቲኤዲ በፍጹም አይሆንም። እንዲተኛ ያደረጋችሁትን ፕላትሌት «ለምን አትነሳም?» ብላችሁ ልትጠይቁት አትችሉም። የታካሚው ፕላትሌት ጤነኛ ሆኖ ሳለ ምርመራው ደካማ ነው ይላችኋል። ካልሲየምና ማግኒዚየም ለመለካትም አይሆንም፤ ሲትሬት ስላለበት። የቴዎፊሊን መጠን ለመለካትማ መናገሩም ያስቃል። ሌላው፣ ደሙ ከፈሳሹ ጋር 9 ለ 1 ነው የሚቀላቀለው፤ ስለዚህ ፕላዝማው ቀጥኗል፣ ከኢዲቲኤ ፕላዝማ ውጤት ጋር በቀጥታ አታወዳድሩት። ቲዩቡ እስከ ምልክቱ ካልሞላም ሒሳቡ ይፋለሳል። ሄማቶክሪቱ (ቀይ የደም ሴሎች ከደሙ የያዙት ድርሻ) ከ55 ከመቶ ያለፈ ሰው ላይ ደግሞ ፕላዝማው ስለሚያንስ ፈሳሹ ይበዛበታል።

ከሁሉም በላይ ያበሳጨኝ ግን የብርሃን ነገር ነው። ፈሳሹ ብርሃን አይወድም። የአምራቾች መመሪያ እንደሚለው ቲዩቡ ለፀሐይም ይሁን ለአምፖል ብርሃን ተደምሮ ከ12 ሰዓታት በላይ ከተጋለጠ ውስጡ ያለው ቅመም ሊከሽፍ ይችላል። ተደምሮ! ዛሬ ሦስት፣ ነገ አራት እየተባለ ማለት ነው። እስቲ ማን ይቆጥራል? ደም የሚቀዳበት ክፍል ውስጥ ቲዩቦች ከካርቶን ወጥተው ራክ ላይ ተደርድረው ነው የሚውሉት። ሲቲኤዲን እንደዛ ካደረጋችሁት ቀን ሲያልፍበት የቀራችሁ በሌላ ስም የተጠራ ተራ ሲትሬት ነው፤ አንድ ሰዓት ብቻ የሚችለውን ናሙና አራት ሰዓት እያቆያችሁ ተማምናችሁ ትቀመጣላችሁ። ይሄ ከተራው ሲትሬት የባሰ ነው፤ ሲትሬቱን ቢያንስ ትፈሩታላችሁ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ካርቶኑን እንደተዘጋ መሳቢያ ውስጥ አድርጉ፣ ለአንድ ታካሚ የምትፈልጉትን ብቻ አውጡ።

ቀዝቃዛ ይሁን ወይስ ክፍል ሙቀት የሚለው ላይ ብዙ ክርክር አይቻለሁ። ለሄፓሪን ምርመራ ናሙናው በክፍል ሙቀት ነው የሚቆየው። ለፕላትሌት ፋክተር 4ና ለቤታ ትሮምቦግሎቡሊን ግን የተለመደው ወዲያው በረዶ ውስጥ ከትቶ በቀዝቃዛ ሴንትሪፉጅ ማዞር ነው። ያለ ምንም ቅመም ቅዝቃዜ ራሱ የፕላትሌትን ቅርጽ ይቀይራል፤ ስለዚህ በረዶውን የምትጠቀሙት ከቅመሙ ጋር እንጂ በቅመሙ ፈንታ አይደለም። ከዚያ ውጭ የገዛችሁት የኤላይዛ ኪት ወረቀት የሚለውን ተከተሉ፤ የኪቱ መደበኛ መጠን የተቀመጠው በዚያው አሠራር ነውና።

ለማን ነው የምመክረው? ሄፓሪን ላይ ያሉ ታካሚዎች በብዛት ለሚመጡበት ላብራቶሪ፣ ናሙናው ቶሎ ለማይደርስበት፣ ከፕላትሌት የሚወጡ ፕሮቲኖችን በፕላዝማ ለሚለካ ተመራማሪ፤ ለእነዚህ አይኔን ሳላሽ ግዙ እላለሁ። ኤፒቲቲ የሚሠራው ሄፓሪን ለማይወስድ ሰው ብቻ ለሆነና ናሙናው ከጎኑ ለሚቀዳለት ግን ምንም አይጨምርለትም፤ በተራው ይቀጥል። ከተራው ወደዚህ የምትሸጋገሩ ከሆነም ዝም ብላችሁ አትቀይሩ። የኤፒቲቲ መነሻ መጠናችሁን በአዲሱ ቲዩብ እንደገና ፈትሹ፤ ከማሽናችሁና ከሪኤጀንታችሁ ጋር ትንሽ ሊንቀሳቀስ ይችላል።

ስታዝዙ ደግሞ በብዛት አታከማቹ። ቀኑን የሚያልፈው ከምታስቡት ቀድሞ ነው። ዕቃው ሲደርሳችሁ የማብቂያ ቀኑን አይታችሁ፣ አንዱን ካርቶን ከፍታችሁ ቢጫዋን ጠብታ አረጋግጣችሁ ተቀበሉ፤ ማሸጊያው ተቀዶ መስኮት ሥር ተቀምጦ ከነበረ ሳትከራከሩ መልሱት።